አራተኛው ትምህርት ላይ የሳልሽው

ኔሬይዳዬ፣

ሜክሲኮ፣ ኡሩዋፓን ከተማ መጥቼ ድምፅሽን አገኘሁት! አቮካዶ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኞቹ ሴቶች የበቆሎ ቂጣቸውን፣ ቶርቲያቸውን እንደያዙ አንዲት ስልክ ከበው፣ ወደ ስፓኒሽ መልሰሽ የቀዳሽውን የዳታ ሳይንስ ትምህርት ይሰማሉ። አንቺ ቤትሽ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ፣ ለግድግዳ የምታወሪ እየመሰለሽ «ገባችሁ?» ስትዪ፣ እዚህ በአንድ ድምፅ «አልገባንም!» ይሉሻል። «መቶ ጊዜ ባስደግማት አትቆጣም፤ ከባሌ ትሻላለች» አለች አንዷ፣ ቅጂውን ስልኩ ላይ ወደኋላ እየመለሰች።

አራተኛው ትምህርት ላይ ሳልሽ። ያ ያፈርሽበት፣ «ድምፄን በማሽን ተኩት» ያሰኘሽ ሳል። ከሴቶቹ በዕድሜ ትልቋ፣ ዶኛ ክሪሳንታ፣ ማኘካቸውን አቁመው «ይማርሽ፣ ልጄ» አሉ። ጓደኛሽ መሆኔን ስነግራቸው እኔኑ ተቆጡኝ፦ «ታዲያ እንዲህ ስትስል ዝም ብለሽ ታያታለሽ?» በማግስቱ ከአጥራቸው የቀጠፉትን የቡገንቪላ አበባ «ለሳል መድኃኒት ነው» ብለው በመሃረብ ቋጥረው አስያዙኝ። በማር አፍልተሽ ትጠጪዋለሽ፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ከቅጂው ላይ ሳሉንም ድምፅሽንም እንዳትነኪ። የሚቀጥለውን ትምህርት ስትቀጂ ግን ከሁሉ በፊት «ተሽሎኛል» በያቸው፤ እየጠበቁሽ ነው።

ያንቺዋ ኦዲላ