ከሁሉም ኋላ የሚወጣው

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ለሰው የሚነገር አይደለም፤ እንግዲህ እዚህ ልጻፈው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ ተጫውቻለሁ... ወደ ሜዳ ስንወጣ ግን ከሁሉም ኋላ ካልሆንኩ ጉልበቴ የሚከዳኝ ይመስለኛል። በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ የመጀመሪያ ጨዋታዬ ቀን፣ የታኬታዬ ክር ተበጥሶ ኋላ ቀረሁ። አሸነፍን። በቃ፣ በዚያው ተጠመድኩ።

ይሄን የቡድኑ ልጆችም ያውቃሉ፣ ይስቁብኛል። አምበል ሁን ሲሉኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ያልኩት ለዚሁ መሆኑን ግን ከባለቤቴ ከጄማ በቀር የሚያውቅ የለም። አምበል ፊት ነዋ የሚወጣው። "ንግግር አልችልም" ብዬ አመለጥኩ። እኔ... መልበሻ ክፍል ውስጥ ለሌላ ሰው የመናገሪያ ቀዳዳ የማልሰጠው ሰውዬ።

ዛሬ ምሳ ላይ አዲሱ የመሀል ተከላካይ፣ ማርሎን ፒንኖክ፣ እንደ አዲስ ገቢ ወግ ወንበር ላይ ቆሞ ዘፈነ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ያናድዳል። ወርዶ ባቄላውን እየጎረሰ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ አለ፤ ወደ ሜዳ የምወጣው መጨረሻ ነው።

ሹካው ሁሉ ቆመ። ሁሉም እኔን አየ። እኔ ባቄላዬን አየሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

በቅደም ተከተል ልጻፈው... ወደ ሜዳ የመውጫው ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ወጡ። ፒንኖክ ጫማውን እንደገና ማሰር ጀመረ። እኔም የታሰረውን ፈታሁ። እሱ ካልሲውን አወለቀ። እኔ ሽንት ቤት ገባሁ። የጎኑ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

"ሆብስ፣ ውጣ እንጂ።"

"አንተ ቅደም። እንግዳ አይደለህ?"

"ታላቅ ይቀድማል።"

"እኛ ቤት እንግዳ ነው የሚቀድመው።"

ማሊያ የምታጥብልን ሞሪን መጥታ ሁለቱንም በር በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። ጨዋታው ተጀምሯል፣ እናንተ ጅሎች፣ አለች። እውነቷን ነበር። ዳኛው ትዕግሥቱ አልቆ በዘጠኝ ሰው አስጀምሮታል። እሱ ሳይፈቅድ ደግሞ አይገባም። መስመሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመን አየን... አጥቂያቸው እኔና ፒንኖክ መቆም በነበረብን ቦታ መሀል ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዘና ብሎ አለፈ። አርባኛዋ ሴኮንድ። አንድ ለዜሮ። በዚያው አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ የመጣውን ኳስ ሁሉ በቴስታ መለስን። ሁለታችን አንድ ላይ ግሩም ነን። ይሄን ማን ይጽፍልናል? አምበላችን ሪስም ጉልበቱን ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣ። ከግርጌ ሁለተኛ ነን። ውድድሩ በዚህ ካለቀ ከሊጉ ውጪ ነን።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ወሬው ወጥቷል፤ ደጋፊዎቹ የሽንት ቤት በር ፎቶ ላይ የእኔን አምስት ቁጥር ለጥፈው በስልክ እየተቀባበሉት ነው። ጄማ ሳቋን ልትደብቅ ልብስ ላስጣ ብላ ወጣች። በዝናብ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

አሠልጣኛችን ታተርሶል ቢሮው ጠራኝ። ሪስ እስከ ውድድሩ መጨረሻ አይመለስም አለኝ። ከዚያ ሻዩን ረጅም ጊዜ አማሰለ።

"ሆብስ። ሁለት ጊዜ ንግግር አልችልም ያልከኝ... ለዚህች ነው?"

ግድግዳው ላይ ያለውን የቡድኑን ፎቶ አየሁ። እዚያም ዳር ላይ ነኝ።

"አዎ፣ ኮች።"

እስኪስቅ ጠበቅሁ። አልሳቀም። አራት ዓመት ልጆቹን የምትመራው አንተ ነህ፣ ሪስ የሳንቲም ዕጣ ነው የሚመርጠው፣ አለኝ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"መጨረሻ ማን እንደሚወጣ ግድ የለኝም" አለ። "ፊት የሚወጣውን ግን እስከ ዓርብ ንገረኝ። ስጠይቅህ ሦስተኛዬ ነው። አራተኛ የለም።"

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ጄማ ሳህን እያጠበች፣ ከኋላ ወጥተህ ተሸንፈህ አታውቅም ወይ አለችኝ። ቆጠርኩ... ሁለት መቶ ምናምን ጊዜ። ይሄ ነገር አሥራ ስድስት ዓመት እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ፒንኖክ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠበቀኝ። መጨረሻዋን ለአንተ ለቅቄያለሁ አለ። እናቱ ደውላ ወርዳበታለች፤ ሽማግሌ አክብር ብላ።

"ሽማግሌው ማን ነው?"

"አንተ ነሃ።"

እንግዲህ እጄ ላይ ነበረች። እሺ፣ አመሰግናለሁ ብሎ መሄድ ነው... አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

"ያዛት። እኔ በሩን እከፍታለሁ፣ አንተ ትዘጋዋለህ።"

ሳልቀዘቅዝ ቀጥታ ኮች ጋ ሄድኩ። እኔ ነኝ አልኩት። እሺ አለ። በቃ፣ እሺ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሞሪን ማሊያዬን ይዛ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው የምትጠብቀኝ። ዛሬ መልበሻ ክፍሉ ድረስ አምጥታ ራሷ አጠለቀችልኝ። እጅጌዬን አስተካከለች።

ወጣሁ። ፊቴ ሰው የለም። እስከ ዛሬ እዚያ መተላለፊያ ውስጥ የማየው የሰው ጀርባ ነበር፣ አሥር ጀርባ፣ አሥር ቁጥር። ዛሬ ሣሩን አየሁ። እርጥብ፣ ባዶ፣ ከእኛ አንድም ያልረገጠው። ይሄን ነው ለሰው ስለቅ የኖርኩት?

ከኋላ ፒንኖክ በሩን ድው አድርጎ ሲዘጋው ሰማሁ። አልዞርኩም።

ዜሮ ለዜሮ። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ኳሷን ከመስመራችን ላይ በጭኔ አወጣኋት። ጉልበቴ አልከዳኝም። ሳንቲሙን ግን ተበላሁ።

አሁንም ከግርጌ ሁለተኛ ነን። አሥራ አራት ጨዋታ ይቀረናል፣ በቂ ነው። ማክሰኞ ከሜዳችን ውጪ ነን። ከዚህ ሥር አምስት መስመር ባዶ ትቻለሁ፤ የእነሱ ሣር ከፊት ሲታይ ምን እንደሚመስል መጥቼ እሞላዋለሁ።