አናቱ የተፋቀ ብሎን

ለምወድህም ለምቀናብህም ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመረች? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔ ከዓይኔ ድካም በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔም ቢሆን ሃያ ዓመት ሙሉ በማጉያ መነጽር የሰው ሰዓት ሲጎረጉር ኖሮ ቢደክመው አይፈረድበትም።

የላክኸው ሰዓት በሰላም ደርሶኛል። ያመጣችልኝ ሴት በካልሲ እንደተጠቀለለ ነው የሰጠችኝ፤ ካልሲው ያንተ መሆኑን በጠረኑ አወቅሁት። መልእክትህንም ነግራኛለች። አለቃህ በሰው ፊት “የዚህ ሰዓት ማሽን ተቀይሯል፣ የራሱ አይደለም” ብሎ እንዳናደደህ፣ እኔም ከፍቼ አይቼ አፉን የሚያዘጋ ቃል እንድጽፍልህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከመክፈቴ በፊት ተቀይሮ እንዲገኝ ጸልያለሁ። አትደንግጥ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰዓት ከሚጠግነው አባባ ጎን ቁጭ ብዬ ካቻቢቴ የማቀብለው እኔ፣ የፈታታውን ዕቃ ሁሉ በቤንዚን የማጥበው እኔ። አንተ ኳስ ስታሳድድ ውለህ ጉልበትህን ልጠህ ትመጣ ነበር። ሥራ የያዝክ ቀን ግን አባባ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ላንተ አሰረልህ። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። “እንኳን ደስ ያለህ” ያልኩህ በጥርሴ ነው፤ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ክዳኑን ከፈትኩት። በእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ክዳኑ ውስጥ የተቀረጸው ቁጥርና ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። አንድ አይደለም። ሦስቴ አነበብኩት። እሰይ! ልቤ ቅቤ ጠጣ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “ከፋብሪካ እንደወጣ ነው” እያለ የማለበት፣ አንተም እጅጌህን እየሰበሰብክ የምትኩራራበት ሰዓት ሆዱ የሌላ ነው። ለአለቃህ የምስጋና ደብዳቤ ልጽፍለት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ብሎኖቹን አየሁ። ማሽኑን ከያዙት ሦስት ብሎኖች የአንዱ አናት በግማሽ ተፍቋል። ክው አልኩ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ አባባ ፊቱ የረገፈ፣ ክዳን የሌለው የሞተ ሰዓት፣ የራሱኑ ዓይነት፣ “መማሪያ ይሁንሽ” ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። ሰባት ወር ስፈታው ስገጥመው ኖርኩ። ካቻቢቴ አንሸራቶኝ ያንን ብሎን የፋቅኩት እኔ ነኝ። መምታት የጀመረ ቀን አባባ ጆሮው ላይ ለጠፈውና “እህ” ብቻ አለ። በሳምንቱ ሰዓቱ ከመሳቢያዬ ጠፋ። ስጠይቀው “ለመለዋወጫ በታተንኩት” አለኝ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። የእሱ ሰዓት መታጠቢያው ውስጥ ወድቆ የቆመው በዚያው ሰሞን መሆኑን ልብ ያልኩት ገና አሁን ነው።

አየህ ጉዱን? የመጀመሪያ ሥራዬን ከመሳቢያዬ ሰርቆ አሥራ ሁለት ዓመት እጁ ላይ አስሮት ኖረ። አንድ ቀን እንኳ “ጎበዝ” አላለኝም። ከዚያ ደግሞ አንስቶ ላንተ! ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ? ሁለቱንም ሆኜ ሰንብቻለሁ። ሌላ ማሽን ከትቼልህ የእኔን ላስቀር አስቤም ነበር፤ በምን ታውቃለህ? ግን እሱ ያሰረውን መፍታት አልሆነልኝም፤ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።

ስለዚህ ለአለቃህ፣ ያው ሰው በተሰበሰበበት፣ እንዲህ ትለዋለህ፦ “ልክ ነህ፣ ማሽኑ የራሱ አይደለም። የእህቴ ነው።” ማለትህን ስሰማ ሰዓቱ ይመጣልሃል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ሳታስከፋት ጠይቅልኝ፣ አባባ ያደረገውን ታውቅ ነበር? ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ካልሲህን ለቻለችበት ትዕግሥት አመስግንልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አጎታችንን፣ ጋሼ ሬድዮን፣ ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነብለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

እህትህ

ከሥራ ጠረጴዛዬ፣ ጥር ፲፬ ቀን፣ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ሰዓቱን ያየሁት እጄ ላይ ካሰርኩት ከዚሁ ሰዓት ነው።