አንድ ሚስኮል

ሰኔ 4
ዛሬም የጎርፍ ልምምድ። ሳይረኑን ሦስት ደቂቃ አስጮህኩት። የወንዝ ዳሩ ሰፈር ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ለመድረስ ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀበት። ጎርፉ ቆሞ የሚጠብቃቸው ይመስል! አንዱማ መንገድ ላይ ጫማውን አስጠርጎ ነው የመጣው። ቢሮው ግድግዳ ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ የለጠፈው ኃላፊዬ ግን ደስ ብሎታል። የቀረ ሰው የለማ።

የእትዬ ጉልበት አብጧል። መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ያስወጣኋት እኔ፣ የገዛ ወንድሟ። «ለውሸት ጎርፍ እውነተኛ ጉልበቴን ጨረስከው» አለችኝ።

ሰኔ 9
ከእትዬ ጋር ተስማማን። ልምምድ ሲሆን ቀድሜ ሚስኮል አደርግላታለሁ። አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል፣ እሷም ከቤቷ አትወጣም። ሳልደውል ሳይረን ከሰማች ግን የምር ነው፣ ትወጣለች። የተገኙት መዝገብ ላይ እኔ እፈርምላታለሁ። ደንብ መጣስ ነው... ግን ማን ይጎዳል?

ሰኔ 25
ልምምድ። አስጠራሁ፣ ዘጋሁ፣ ፈረምኩላት። ከሰዓት ሄጄ ሳያት እግሯን ዘርግታ ምስር ትለቅማለች። እንዲህ ከሆነ በየሳምንቱ አድርጉት አለችኝ። ሳቅን።

ሐምሌ 17
ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃው የመለኪያውን ቀይ መስመር አለፈ። ሳይረኑን ለቀቅኩት። ወዲያው ለእትዬ ደወልኩ። ቶሎ ውጪ ልላት ነበር። አንዴ ጠራ... ኔትወርክ ጠፋ።
ደገምኩ። እምቢ። ደገምኩ።
እኔ ከወንዙ ማዶ ነኝ። ድልድዩን ውሃ ውጦታል።
ምን አስደወለኝ? ዝም ብል ኖሮ ትወጣ ነበር።

ሐምሌ 18
ሰፈሩ በአሥራ አራት ደቂቃ ወጥቷል። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ተርፏል።
ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው በሯን አንኳኩቶ ነበር። «በጀርባዬ ልዘልሽ አልኳት። ስልኳን አሳየችኝና ሳቀች። ሂድ አንተ፣ እኔ መልእክቴ ደርሶኛል አለችኝ። የምን መልእክት ነው?»
እንጃ አልኩት።

ሐምሌ 29
ኃላፊዬ ሰርተፍኬት ሰጠኝ። በአሥራ አራት ደቂቃ! ሪፖርቱ ላይ «ያልወጣችበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ባዶውን ተውኩት። እሱ በገዛ እጁ «ማስጠንቀቂያ መናቅ» ብሎ ሞላው። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ለሌላው ትምህርት ይሁን አለ። ሰርተፍኬቱን ይዤ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለኝም።

ነሐሴ 12
ሌላ ሰፈር ሄጄ እንዳስተምር ታዘዝኩ። የሞተችው እህቴ መሆኗን እዚያ ማንም አያውቅም... ብዬ ነበር። ልብስ ሰፊው ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ እዚያ ነው የተከራየው። ኋላ ተቀምጧል።
አንዲት ሴት ሳይረኑን እየሰማች ቤቷ ቀረች፣ ውሃ ወሰዳት አልኩ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «እልኸኛ ነበረች ማለት ነው» አሉ።
ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቀኝ።
«አዎ» አልኩ። «እልኸኛ ነበረች።»