ድምፁ የተዘጋው ፊልም

ኅዳር 9 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቆቦ

ልጄ ካሳሁኔ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና ሰው ቤት ገባሁ። ጎረቤቴ በላይነሽ እኔንም ልጄን ሰናይትንም ጎትታ ወሰደችን። የባሌ እህትም እዚያ ነበረች፤ ፊልም ያያሉ። በላይነሽ ሐዘንተኛ ፊት ዘፈን አይሰማም ብላ ድምፁን ጨርሳ ዘጋችው።

«በሉ እንግዲህ፣ እንደ ፍየል ሲያመሰኩ እንያቸው» አለች።

ፊልሙ ላይ አባቷ የሞተባት ልጅ ለቅሶ ቤት ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ የእሷ ፊት ግን ደርቋል።

የባሌ እህት ወደ ሰናይት በአገጯ ጠቁማ «እንደኛዋ ናት! ለወንድሟ አንድ ጠብታ እንባ ያላወጣች» አለች።

ነገሩ እኔንም ሲበላኝ ነው የከረመው። ልጄ ወንድሟን አትወደውም ነበር ወይ እያልሁ።

ከዚያ ካሜራው የልጅቱን ፊት ትቶ ቀስ እያለ ወደ እጇ ወረደ። ከአባቷ ሸሚዝ የወለቀ ቁልፍ ጨብጣለች፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። ካሜራው እዚያው ቆየ። ዘፈኑ ቢኖር ኖሮ እሱን ስሰማ እጇን ሳላይ ያልፈኝ ነበር።

እኔም ዓይኔን ከሰናይት ፊት ወደ እጇ አወረድሁ፤ ነጠላዋ ገለጥ ብሏል። ካሳሁን ማሽላ ሲጠብቅ ወፍ የሚያባርርበትን ወንጭፍ ነጠላዋ ስር ደብቃ ጣቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ጣቷ ጠቁሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ እጇን ያዝሁት። ወንጭፉን አልለቀቀችውም። እኔም ልቀቂው አላልኋትም።