የመጀመሪያዋ መርከብና ይቺኛዋ

ጥቅምት 3

ሻንጣ ስንከት ዋልን። ስንከት እላለሁ እንጂ የከተትኩት እኔ ነኝ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያዛል። "ሹራቡን ከታች አድርጊው ሲስተር፣ ባለፈው ከላይ አድርገሽው ተጨማደደ።" ባለፈው የሚለው የዛሬ አስራ አንድ ዓመትን ነው። አንዴ መርከብ ተሳፈርን፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ።

ነርስነቱን ከተውኩ ዘጠኝ ዓመቴ። ለባሌ ግን አሁንም ሲስተር ነኝ። እኔም ቀያሹ ነው የምለው። ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ሲቀይስ ኖሮ እሱ ጡረታ ወጣ፣ ስሙ አልወጣም። ድሮ ሻንጣውን ማንንም አያስነካም ነበር፤ ካልሲ ሳይቀር በመስመር ይደረድራል። ዛሬ ምን ነካው? ሰነፈ መሰለኝ።

ልጃችን ደወለች። "እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ መርከብ ላይ ምን ልትሠሪ ነው?" ምን ልበላት... አባትሽ ካልሄድን ብሎ ድርቅ አለ አልኳት። "ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻችሁን መኖራችሁ ሳያንስ..." ብላ ጀመረች። እኔ ጋ ግቡ ነው ነገሩ። ሻንጣ ልዘጋ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ገና ሳንሄድ ሰውነቴ ዝሏል።

ጥቅምት 5

ተሳፈርን። መርከብ አይባልም፣ ሰፈር ነው። አስራ ሦስት ፎቅ። ሊፍት ጋ ወረፋ፣ ቡፌ ጋ ወረፋ፣ ወረፋው የምን እንደሆነ ለመጠየቅ ሌላ ወረፋ።

ቀያሹ ገና በሩን ሳናልፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ላይ መስኮቱ ይከፈት ነበር። የመጀመሪያዋ ላይ ካፒቴኑ ራሱ መጥቶ ይጨብጠን ነበር። የመጀመሪያዋ ላይ ዳቦው ትኩስ ነበር... ጆሮዬ ደነዘዘ። "የመጀመሪያዋ ላይ እኔም ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር" አልኩት። ወሬውን ትቶ የክፍላችንን ቁጥር መፈለግ ጀመረ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አዘንኩለት።

ሁለት ቀን ሙሉ ባልዲ ታቅፌ ሳስመልስ የነበረው በዚያችው በመጀመሪያዋ ላይ ነው። እሱን አንስቶት አያውቅም። ረስቶታል።

ጥቅምት 6

ባሕር። በላን፣ ተኛን፣ በላን፣ ተኛን። ለመተኛት ይህን ያህል መንገድ?

ጥቅምት 7

የመጀመሪያው ወደብ። መውረጃውን አየሁትና ጉልበቴ ገና ከሩቁ እምቢ አለ። "አንተ ሂድ፣ ሁለታችንም ለምን እንቀራለን" አልኩት። ትንሽ እንኳ አላቅማማም! ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ።

ከአራት ሰዓት በኋላ መጣ። ኮረብታው ላይ የድሮ ምሽግ አለ አሉ፣ እሱን አይቶ። ደረጃውን ቆጥሮታል፤ መቶ አስራ ስምንት። ከላይ ሆኖ ሲያይ መርከባችን የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ድንጋዩ እንዴት እንደተጠረበ ሳይቀር ነገረኝ። "ባለፈው ከወጣነው ይበልጣል" አለ። እሱ ነው ይሄን የሚለው? የመጀመሪያዋ ተበለጠች?

ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ አዳመጥኩት። ቀናሁ። በሰባ ሦስት ዓመቱ መቶ አስራ ስምንት ደረጃ... እኔ በአራት ዓመት አንሼው ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳ እይዛለሁ።

ጥቅምት 9

ሁለተኛው ወደብ። ዛሬም ሄደ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ አይቶ መጣ፣ ገበያ አይቶ መጣ። አንድ ብርቱካን እንኳ አላመጣልኝም። "ከተማ በልቻለሁ" ብሎ ራቱን ነካክቶ ተወው።

አኩርፌያለሁ። አላወቀም። ወይ አውቆ ተወኝ።

ጥቅምት 10

ምሳ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ቀያሹ ራሴን አመመኝ ብሎ ክፍል ቀረ። ገበታ የምንጋራው ሰውዬ ፀጉር አስተካካይ ነበር፣ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነው የሚጓዘው። ሲያወራ አሁንም እጁ እንደ መቀስ ይሄዳል።

"እርስዎስ ባይወርዱም አልቀረብዎትም" አለኝ። "ያ ምሽግ የተባለው እኮ ዝግ ነው። እድሳት ላይ ነው ብለው በሩን በሰንሰለት ጠርቅመውታል። ከሥር አንጋጠን አይተን ተመለስን።"

"ባለቤቴ እኮ ላይ ድረስ..." ብዬ አቆምኩ።

አየኝ። ማንኪያውን አስቀመጠ። "በሌላ በር አስገብተዋቸው ይሆናል" አለና ስለ ሾርባው ማውራት ጀመረ። ደግ ሰው ነው።

ሾርባዬን ገፋ አደረግኩት። አርባ አራት ዓመት አብሬው ስኖር የዋሸኝን ቆጥሬ አልጨርስም፣ ግን ሁሉም ጥቃቅን ነበር። የት ነው የሚውለው? ሴት? በሰባ ሦስት ዓመቱ... ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀብኝ።

ምንም አልጠየቅኩትም። ነገ ሌላ ወደብ አለ።

ጥቅምት 11

ዛሬ ተከተልኩት።

እሱ ሲወጣ ሩብ ሰዓት ቆጠርኩ። ምርኩዜን ይዤ በሊፍት ወረድኩ። መውረጃው ላይ አንድ መርከበኛ ክንዴን ደግፎ አሳለፈኝ። ከተማ ድረስ እሄዳለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ከተማ መድረስ አላስፈለገም። የጉምሩኩ መጋዘን ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከመርከቡ መቶ እርምጃ አይሆንም። ጫማውን አውልቆ፣ መርከቡ ላይ በነፃ የሚያድሉትን የከተማ መምሪያ መጽሔት ዓይኑ ሥር ለጥፎ ያነባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እንደ ተማሪ እያጠና!

"አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አንተስ?"

መምሪያውን አጠፈው። "ማታ እንድነግርሽ ብዬ ነው" አለ።

ልጮህበት ነበር። እግሩን አየሁት፣ አብጧል። የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገብቶ ቀለበት ሠርቷል። እንደምንም ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው እግር እንደዚህ ስጫን ኖሬያለሁ። አልጋ የሚጋራኝን ሰው እግር ሳላይ...

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሚያዝያ።"

"ሐኪም አይቶሃል?"

"አይቶኛል። ልብህ ደክሟል አለኝ።"

"ኪኒንስ?"

"ቤት ነው። ሻንጣ ውስጥ ብከተው ታዪው አልነበር?"

የዚያን ጊዜ ጮህኩ። መጋዘኑ በር ላይ የነበሩት ተሸካሚዎች ዞረው አዩን። ሰባት ቀን ያለ ኪኒን! ለነርስ ባል! ምን ብዬ እንደተናገርኩ አላስታውስም። ስጨርስ፣ "አንቺ ጉልበትሽ እንዲህ ሆነ። እኔም አሞኛል ካልኩ ልጅቷ መጥታ ቤቱን ቆልፋ ትወስደናለች። አንዳችን እንኳ ደህና መሆን ነበረብን" አለኝ።

"ታዲያ መርከቡ ምን አመጣው?"

"ጨርሶ ሳያቅተኝ አንዴ ብዬ ነው። ቀድሞ አቅቶኛል ለካ።"

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ትንፋሹ አጭር አጭር ነው። እስከዛሬ እርጅና ነው ስል...

መመለሻው ደግሞ ሽቅብ ነው። እሱ ትንፋሽ የለው፣ እኔ ጉልበት የለኝ። የቅድሙ መርከበኛ አይቶን ዊልቸር እየገፋ መጣ። አንድ ብቻ። "ለእሷ ነው" አለ ቀያሹ። "ለእሱ ነው" አልኩ እኔ። መርከበኛው አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። በመጨረሻ በድሮው የሆስፒታል ዋርድ ድምፄ "ተቀመጥ!" አልኩ። ተቀመጠ።

ጥቅምት 12

የመርከቡ ክሊኒክ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን በእጇ ትተማመናለች። የሚያሸና መርፌ ወጋችው፣ ኦክስጅን አደረገችለት። ነገ በሚቀጥለው ወደብ ወርዳችሁ ሐኪም ቤት ግቡ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ቤት አለችን። የቀሩትን ሦስት ወደቦች ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

እጁ ላይ መርፌ ተሰክቶ ጣሪያውን እያየ፣ "የመጀመሪያዋ ላይ ክሊኒኩ ጠባብ ነበር" አለ።

"አሁን እሱን ተወው በናትህ! ደግሞስ አንተ መቼ ገብተህ አየኸው?"

"አንቺ ስታስመልሺ ነዋ። ሁለቱንም ቀን በርጩማ ላይ ነበርኩ። ወገቤን ቆርጦት ነበር።"

እኔ አላስታውስም። ባልዲውን ብቻ ነው የማስታውሰው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያ መስኮት አይከፈትም።

ጥቅምት 13

ወረድን። እሱ በዊልቸር፣ እኔ በምርኩዝ። ፀጉር አስተካካዩ ሻንጣችንን እስከ አምቡላንሱ ድረስ ይዞ ሸኘን። "ፂምህን ሳላስተካክልልህ" አለው ቀያሹን። አቅፎት ሄደ።

ጥቅምት 19

እዚያ ሐኪም ቤት አራት ቀን ተኝቶ ትናንት ቤት ገባን። ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። በየማረፊያው ቆምን።

"ለልጅቷ የሆድ ሕመም ነው በያት" አለኝ። አልዋሽም አልኩት። ከሰዓት መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ሚያዝያን፣ ኪኒኑን፣ አግዳሚውን። እሱ ግድግዳ ግድግዳ ያያል። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና የታጠበውን ሰሃን መልሳ ማጠብ ጀመረች። ድምፁ ይሰማናል።

ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። "እኔ ቤት ያለውን የምድር ቤት ክፍል አዘጋጅላችኋለሁ። ደረጃ የለውም" አለች። ማንም አልተከራከረም። እኔም አልተከራከርኩም። ለሁለት ሰው መሸከም አልችልም፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ልትሄድ ስትል፣ ነገር ለማቅለል መሰለኝ፣ "ለመሆኑ ከሁለቱ መርከቦች የቱ ይሻላል?" አለችው።

"የመጀመሪያዋ" አለ ሳያስብ።

እኔም ብጠየቅ የመጀመሪያዋ ነው የምለው። ጤነኞች ነበርን። ሌላ ብል ውሸት ይሆናል።

ኅዳር 4

ዕቃ ወጣ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምነው፣ ሦስት ሰው በግማሽ ቀን አወረደው። ቀያሹ ታች ወንበር ላይ ተቀምጦ "ቀስ፣ ማዕዘኑን!" ይላል። ማንም አይሰማውም። ቁልፉን ለአከራዩ ሰጠሁ።

ኅዳር 20

እነሆ አዲሱ ክፍል። በሩ ግቢው ላይ ነው፤ በመንገዱ በኩል ግን ዝቅ ስላለ መስኮቱ የሚያሳየው የሰው እግር ነው። የሚያልፈውን በጫማ መለየት ጀምረናል። ልጃችን ጠዋት ጠዋት ትመዝነዋለች፣ እኔ ግራም ቀኝም እግሩን እጫናለሁ። ጉድጓዱ እየቀነሰ ነው። ሐኪሙም ደህና ነው ብሏል። ደህና ማለት እንደዚህ ማለት ነው፣ ከዚህ አይሻልም ማለት ነው። ሁለታችንም ገብቶናል።

ዛሬ መድኃኒት ቤት በእግራችን ሄድን። ልጃችን አመጣላችኋለሁ ብላ ነበር፣ እሱ እምቢ አለ። መንገዱ ሜዳ ነው። የጫማ ጠጋኙ ሱቅ ፊት ለፊት ስንደርስ ቆመ። ሰው ይወጣል፣ ይገባል። ጠጋኙ ቀና ብሎ አየን። ቀያሹ ጫማውን ለማሰር እንደሚጎነበስ ሰው ያደርጋል ብዬ ጠበቅኩ፣ ወይ የሱቁን ማስታወቂያ ያነብባል ብዬ። ሲደክመው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

"ደከመኝ" አለ።

ጮክ ብሎ። ሰው ሁሉ እየሰማ። በአርባ አራት ዓመት ይህችን ቃል ከአፉ ሰምቻት አላውቅም።

"እኔም" አልኩት።

ጠጋኙ ሳንጠይቀው ቆዳውን ከደረጃው ላይ አነሳልን። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቀያሹ ከመድኃኒት ቤቱ ያለንን ርቀት አልገመተም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ፀሐዩ ደህና ነበር። ሲበቃን ተደጋግፈን ተነሳን።