ዓለም ጤና ያገኘነው ቀይ ሞተር

ጌትዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ሃያ ዓመት አለፈ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ሕመምም ሐሳብም የለም ይላሉ። ሐሳቡ የቀረው እኛ ጋ ነው።

ያው አዳማ፣ ያው ቤት ነን። እናትህ ባለፈው ክረምት አረፉ። በእቅፍ ትተኸው የሄድከው ናሆም ግን አሁን በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ጎረምሳ ሆኗል፤ ዱከም ፋብሪካ ተቀጥሮ በሚኒባስ ይመላለስ ነበር። ድምፁ ያንተው ነው፤ ከጓዳ ሆኜ ስሰማው አንዳንዴ እደነግጣለሁ።

ድምፅህን ብቻ ወርሶ ቢቀር ምን ነበረበት! ለካ ልቡ ያረፈው አሮጌ የጣሊያን ሞተር ላይ ነው፤ ያ ወደ ፊት ተደፍተው የሚነዱት፣ የእሽቅድምድም ዓይነቱ። ቢሾፍቱ አንድ አየ፣ ጭስ በጭስ ሆነበት። ባቱ ያየው ደግሞ ግማሹ በሌላ ዕቃ የተተካ ነበር። በመጨረሻ ዓለም ጤና ከተማ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ጋ እንዳለ ሰማ።

"እማ፣ አብረሽኝ ነይ፤ ካልወደድሽው አልገዛም" አለኝ። አልወደድኩትም ልለው ቆርጬ ሄድኩ።

ነጋዴው ሸራውን ሲገልጠው ቀይ ነው፤ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

"ወድቆ ያውቃል?" አልኩት።

"ኧረ እናቴ፣ ጭረት አያውቅም!"

ናሆም ሞተሩን ሲያስነሳ እኔ ወደ ኋላው ዞርኩ። የኋላው እግር መርገጫ ዝቅ ተደርጎ ተበይዷል። ጉልበቴን አመመኝ እያልኩ ሳማርርብህ፣ አንተው ቆመህ ያስበየድክልኝ መርገጫ ነው። እሱን ረግጬ ነበር ላንጋኖ የወሰድከኝ፤ ንፋስ ነጠላዬን ነጥቆ አስፋልት ለአስፋልት ያሯሯጠህ ቀን። ወንድምህ ከተዝካርህ በኋላ "ዓይናችን አይየው" ብሎ ለቁራሌው የሸጠውን ስብርባሪ አንድ ሰው አቃንቶ አስነስቶታል።

የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ናሆም አጥፍቶት ሮጦ መጣ።

"ይሄ አባትህን የገደለው ነው" አልኩት።

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ሲገዛው ማን እንደሞተበት እንዳልነገሩት ምሎ ተገዘተ። ልጁ ከእንግዲህ ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን መዳፉን መቀመጫው ላይ አሳረፈ።

"አባዬ እዚህ ላይ ነበር የሚቀመጠው?"

"ቃል ገብተህልኛል፣ ናሆም!"

"እማ፣ እኔ አባዬን የማውቀው በፎቶ ነው። ይሄን ለሌላ ሰው ትቼ አልሄድም።"

አለቀስኩ፣ ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ገዛው።

ብቻውን ከምልከው ብዬ ከኋላው ተቀመጥኩ። ሞጆን አልፈን አንተ ከጭነት መኪናው ጋር የተጋጨህበት መታጠፊያ ስንደርስ ወገቡን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። የልቡ ምት በጀርባው በኩል ይሰማኝ ነበር። ቀስ አደረገ እንጂ አላቆመም።

አሁን በየማለዳው በሞተሩ በዚያው መንገድ ሥራ ይሄዳል። ድምፁ እስኪርቅ በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ እስኪመለስ እህል አይወርድልኝም። ጎረቤቶቼ "ልጅሽ አባቱን መሰለ" ይሉኛል፤ ደስ ሊያሰኙኝ ነው።

ጌትዬ፣ እስክሞት አስብሃለሁ፤ ስምህን ከአፌ፣ መልክህን ከዓይኔ አላጠፋም። ግን እዚያ የምትለምነው ካለ ለምንልኝ፤ በዚህ ሞተር ሞቶብኝ የማስታውሰው አንተ ብቻ ሁንልኝ።

ሚስትህ አልማዝ