በሩ ተከፍቶ እንዲታይልኝ

ቀን፦ ሚያዝያ 9

ለዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በክፍሌ ተገኝቼ እያስተማርኩ «አልተገኙም» ተብዬ ወደ መዝገብ ቤት እንድዛወር የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣

እኔ አመልካች በቢዝነስ ማኔጅመንት ትምህርት ክፍል የሰው ሀብት አስተዳደር መምህርት ነኝ። ጉዳዬን በአካል ቀርቤ በቃል ላስረዳ አስቤ ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። የክቡርነትዎ ጸሐፊ ምን እንደምፈልግ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ መልሴ ስላልተሰማት በመጨረሻ በትሕትና ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ልክ ናት። ስለዚህ የምለውን ሁሉ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ከረዘመብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መናገር ያቃተው ሰው ብዕር ሲይዝ መቆም ያቅተዋል።

1. ባለፈው ክረምት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሐኪሙ ዕጢውን በሙሉ አውጥቶ ሕይወቴን አትርፎልኛል፤ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በመጎዳቱ፣ ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ የቀረኝ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። «ይመለስ ይሆን?» ብዬ ጽፌ ስሰጠው ሐኪሙ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና «ባይጠብቁት ይሻላል» አለኝ። የዚያን ዕለት አለቀስኩ። ለቅሶም ድምፅ እንደሚፈልግ ያወቅሁት ያኔ ነው። የሕክምና ማስረጃው ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዟል።

2. የሕመም ፈቃዴን ጨርሼ ስመለስ ባልደረቦቼ በደስታ ተቀበሉኝ፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ነውር ነው። የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ አቅፋ አለቀሰችልኝ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ሌሎቹም ጆሮዬ የማይሰማ ይመስል ይጮኹብኛል። የጠፋብኝ ድምፅ ነው እንጂ ጆሮዬ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ስለማልናገር ከበፊቱ ይልቅ ብዙ እሰማለሁ። የመምህራን ሻይ ክበብ አስተናጋጅ ሳይቀር ማንኪያ ከፍ አድርጎ ስኳር እንደምፈልግ በምልክት ይጠይቀኛል። ከኋላዬ ያሉት ደግሞ «አሁን እሷ እንዴት አድርጋ ነው የምታስተምረው?» ሲባባሉ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አያደርጉም።

3. ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እንዴት እንደማስተምር ለክቡርነትዎ ላስረዳ። መጀመሪያ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዤ ገባሁ። ዕቃው ግን ቃሌን ትቶ ትንፋሼን አጎላው፤ ከኋላ ለተቀመጡት ልጆች አስተማሪያቸው ዳገት የምትወጣ ነበር የመሰለቻቸው። ዘጋሁት። ከዚያ ወንበሮቹን አስነስቼ በግማሽ ክብ ጠረጴዛዬ አጠገብ አስደረደርኩ። ዋና ዋናውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ የቀረውን በሹክሹክታ እናገራለሁ።

ይህ የአራተኛ ዓመት ክፍል በጫጫታው የታወቀ ነበር፤ አምና አንድ መምህር «በቃኝ» ብሎ መጽሐፉን አንስቶ ወጥቶባቸዋል። አሁን ወንበር እንኳ አይጎትቱም፤ አንስተው ነው የሚያስቀምጡት። ከሁሉ የገረመኝ፣ ጉሮሯቸው ጤነኛ የሆነ ልጆች ሲጠይቁኝም ሆነ ሲመልሱልኝ እነሱም በሹክሹክታ መሆኑ ነው። አንዷን «አንቺ ለምን ድምፅሽን ትቀንሻለሽ?» ብላት «እኔንጃ ቲቸር፤ እርስዎ ቀስ እያሉ እኔ መጮህ አፍሬ ነው» አለችኝ። በዚህ ዓይነት በክፍላችን ሙሉ ትምህርት ይሰጣል፤ ኮሽታ ግን የለም።

4. ችግሩ የመጣው ከዚሁ ጸጥታ ነው። እንደሚያውቁት መምህራን በሰዓታቸው መግባታቸውን የሚያረጋግጥ ተቆጣጣሪ በየኮሪደሩ ይዞራል። ተማሪዎች «ጆሮ» ይሉታል። ቀድሞ በር እየከፈተ ያይ ነበር፤ ትምህርት ይቋረጥብናል ብለን መምህራን ስላመለከትን በር መክፈት ተከለከለ። የበሮቹ መስታወት ደግሞ ተማሪ ወደ ውጭ እያየ እንዳይዘናጋ በሚል በቀለም ተቀብቷል። ስለዚህ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። የመምህር ድምፅ ከሰማ «ተገኝተዋል»፣ ካልሰማ «አልተገኙም» ብሎ ያሰፍራል። በእኔም በር ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔ ከበሩ ወዲህ ሆኜ ሠራተኛ ሲታመም አሠሪው ያለበትን ኃላፊነት አስተምራለሁ፤ እሱ ከበሩ ወዲያ ሆኖ አልተገኙም እያለ ይጽፋል።

የሚገርመው አንዳንድ ቀን ተገኝቻለሁ። ምክንያቱን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ከጎኔ ባለው ክፍል ማርኬቲንግ የሚያስተምር ባልደረባ አለን፤ «ነጎድጓድ» እንለዋለን። እሱ ሲያስተምር ግድግዳው ይነዝራል። እሱ በገባባቸው ቀናት እኔ ተገኝቻለሁ፤ እሱን ጉንፋን በያዘው ሳምንት እኔ ቀርቻለሁ። ነገሩን ሳስረዳው በሳቅ ፈረሰ። «እስከ ዛሬ ደሞዝ ያስበላሁሽ እኔ ነኛ! ካሻሽ ከነገ ጀምሮ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስተምርልሻለሁ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። የእኔን ሳቅ ሲያይ የእሱ ቆመ፤ ስስቅ ምንም እንደማይወጣ እስከዚያ ቀን ልብ አላለም ነበር። መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ።

5. ተቆጣጣሪውን አንድ ቀን በር ላይ ጠብቄ በእጄ ጠቅሼ አስገባሁት። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ልጆቹ ወደ እኔ ዘንበል ብለው ሲጽፉ፣ እኔ ስናገር፣ አንዱ ሲጠይቅ፣ ሌላዋ ስትመልስ አየ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ሲወጣ ሸኘሁትና ምን እንደሚጽፍ በዓይኔ ጠየቅሁት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር፤ ዓይኔማ አይቶዎታል። እኔ ግን የታዘዝኩት እንዳዳምጥ ነው፤ እንዳይ አልታዘዝኩም። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ብጽፍ ነገ የሚጠየቀው ማነው?» አለኝ። አልተቀየምኩትም። አለቃ ያለበት፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። በዚህ ማመልከቻ ምክንያት እሱ ላይ አንዳች ነገር እንዳይደርስበት አጥብቄ እለምናለሁ።

6. የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ጉዳዬን የተመለከተው ይህን የተቆጣጣሪውን ሪፖርት ይዞ ነው። ኃላፊያችን ተማሪዬ የነበረ፣ ዛሬም እኔ ቆሜ ከሆነ የማይቀመጥ ጨዋ ልጅ ነው። «ቲቸር በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ቢቀሩ አይፈረድባቸውም፤ ብዙ መናገር የማይጠይቅ ቦታ ብንፈልግላቸው ይሻላል» አለ። ሁሉም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። አልቀረሁም ለማለት እጄን አወጣሁ። ዕድል ተሰጠኝ፤ ተናገርኩ። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ሁለት ሰዎች ስለ ፈተና ፕሮግራም ያወራሉ፣ ጸሐፊዋ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ አንገቷን አስግጋ ከንፈሬን ታያለች። ነጎድጓድ ቢኖር ኖሮ ጸጥ ያሰኛቸው ነበር፤ ያን ቀን ተማሪ እየፈተነ ነበር። ስጨርስ ኃላፊው «እናመሰግናለን ቲቸር» አለኝ። ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ «ባለጉዳይዋ ተቃውሞ አላቀረቡም» ይላል።

የተማሪዎቹን የግምገማ ውጤትም አቅርቤ ነበር። «የመምህሩ ድምፅ ለሁሉም ተማሪ ይሰማል» በሚለው ነጥብ ላይ ሙሉ ሰጥተውኛል። «አዝነውላቸው ነው» ተባለ። ከስብሰባው ስንወጣ ኃላፊው እጄን በሁለት እጁ ይዞ «እኛ እኮ ለእርስዎ ብለን ነው፤ ትንሽ ይረፉ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ክቡርነትዎ፣ በእውነት ቢጠላኝ ይቀለኝ ነበር። የሚጠላኝን ሰው መክሰስ እችላለሁ፤ የሚያዝንልኝን ሰው ምን ብዬ እከሰዋለሁ? በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ብዙዎቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሥራውን እየሠራ ያለ ሰው በሕመሙ ምክንያት ከሥራው እንደማይነሳ አስተምሬያቸዋለሁ። ፈተናውንም አልፈዋል።

7. የተመደብኩበትን መዝገብ ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። ምድር ቤት ነው፤ ቀን ከሌት መብራት ይበራል። የሚሠሩት ሴት ጥሩ ሰው ናቸው፤ ወንበር ጠርገው አስቀመጡኝ፤ ሥራውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳይተነፍስ መዋል ይችላል። የእኔ ሹክሹክታ አድማጭ ስላለ የምትወጣ ናት። እዚያ ከገባሁ እሷም ቀስ በቀስ ትተወኛለች ብዬ እፈራለሁ። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም፤ እውነት ስለምፈራ ነው።

8. የሚከተለው የቤቴ ነገር ስለሆነ እዚህ መግባት አልነበረበትም። ሆኖም ውሳኔው የሚያርፈው የት ላይ እንደሆነ ካልገለጽኩ ማመልከቻዬ ጎደሎ ይሆንብኛል።

እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። እኔን የምታውቀኝ በድምፄ ነበር። ከውጭ በር ጀምሬ «እማዬ፣ መጣሁ» እላለሁ፤ እሷም ከአልጋዋ ሆና «እሰይ! ዛሬስ ማንን ስትቆጪ ዋልሽ?» ትለኛለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጇን ወስጄ አንገቴ ላይ፣ ጠባሳው ላይ ሳደርግላት የሆነው ሁሉ ገብቷት ነበር፤ ጠባሳውን በጣቷ እየሄደችበት አለቀሰች። ዕድሜ ነውና ውሎ አድሮ ግን መርሳት ጀመረች። አሁን ቤተሰቡ የቀጠረላት አስታማሚ አድርጋ ይዛኛለች። ሳጥባት፣ ሳጎርሳት «የኔ እመቤት» እያለች ትመርቀኛለች። አንድ ቀን እጄን ደባብሳ «አንቺ አትናገሪም እንጂ እጅሽ ደግ ነው» አለችኝ። ጆሮዋ ስር ገብቼ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» እላታለሁ። ጆሮዋም ደክሟልና ቃሉ አይደርሳትም፤ ትንፋሼ ብቻ ነው የሚደርሳት። «ብርድ መቶሻል መሰለኝ፣ ልበሺ እንጂ» ትለኛለች።

ዘወትር «ልጄስ?» ብላ ትጠይቃለች። አብራን የምትኖረው የወንድሜ ሚስት «ታስተምራለች እማማ፤ ደህና ናት» ትላታለች። ይህን ስትሰማ ፊቷ ይፈታል። «አይ ልጄ! ጉሮሮዋ እኮ ይደርቃል» ትልና ወደ እኔ ዞራ «የኔ እመቤት፣ እባክሽን ስትመጣ የምትጠጣው ሙቅ ውሃ አዘጋጂላት» ትለኛለች። አዘጋጃለሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እጠጣዋለሁ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ፦

ሀ) በክፍል ውስጥ ሆኜ እያስተማርኩ ያልተገኘሁ ተብሎ የተመዘገበብኝ ሁሉ እንዲሰረዝልኝ፣

ለ) በወሩ መጨረሻ ወደ መዝገብ ቤት እንድዛወር የተላለፈው ውሳኔ ተነስቶ በማስተማር ሥራዬ እንድቀጥል፣

ሐ) ተቆጣጣሪው ድምፅ ባልሰማበት ክፍል ሁሉ፣ አልተገኙም ከማለቱ በፊት በሩን ከፍቶ እንዲያይ በጽሑፍ እንዲታዘዝ፣ ይህም ለእኔ ብቻ ሳይሆን ነገ ጉሮሮው ለሚከዳው መምህር ሁሉ እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ።

እናቴ መልሳ እንድታውቀኝ ማድረግ የማንም ሥልጣን አይደለምና ያንን ከክቡርነትዎ አልለምንም። ልጇን ስትጠይቅ ግን ቤታችን ውስጥ ያለን መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስም እውነት ነው። ከዚህ ወር በኋላ ውሸት እንዳይሆንብን አደራ እላለሁ።

የጻፍኩትን ለማረጋገጥ ሰው ቢልኩ ወይም ጊዜ ካገኙ ራስዎ ቢመጡ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ላይ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ነው። በሩ ላይ ቢቆሙ ምንም አይሰሙም። እባክዎ ይክፈቱት፤ አለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሰው ሀብት አስተዳደር መምህርት
ቢዝነስ ማኔጅመንት ትምህርት ክፍል

ግልባጭ፦
ለቢዝነስ ማኔጅመንት ትምህርት ክፍል ኃላፊ